በኅዳር ሚካኤል የተረገጡት ሲንጀሮች

መምህር ነመራ ባለፈው ቅዳሜ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መጣ። የጴንጤዎቹን ጉባኤ ታሪክ እየጻፈ ነው። ነቀምቴ ላይ እንዴት እንደተጀመረ፣ ወደ ኡኬና ወደ ቢላ እንዴት እንደተሻገረ፣ ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደተፈታ አንድ ባንድ ያሰፍራል። የዳዲ ጎረቤት ስለነበርኩ "እሷን ጠይቃት" ብለውት ነው። የጻፈውን አነበበልኝ። "በዚያ በጭንቅ ጊዜ ጌታ በክንፉ ጋረደን" ይላል።

"ደግ" አልኩት። "በምን ጋረዳችሁ?"

እስክሪብቶውን እንደያዘ ያንኑ መስመር ደግሞ አየው። ያኔ እሱ እዚህ አልነበረም፤ ነቀምቴ ከተዛወረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

"በሲንጀር፣ በልብስ ስፌቱ መኪና ነው የጋረዳችሁ። እሱን አልጻፍክም። የዳዲንም ነገር በሁለት መስመር አልፈኸዋል። በል ቁጭ በል።"

ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ከነገርኩት ምን ያህሉን እንደሚጽፍ ግን አላውቅም፤ የተማረ ሰው ነገር ማሳጠር ይወዳል። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ።

ዳዲ ሞረዳ ልብስ ሰፊ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ሜትሩን ከአንገቱ የማያወርድ፣ በከንፈሩ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ስፒል የነከሰ ሰው። አንድ ጉድ ነበረበት፤ አይዋሽም። ልብስ ሰፊ ሆኖ የማይዋሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌላው ሰፊ "ነገ ይደርሳል" እያለ አንድ ወር ያመላልሳችኋል፤ እናንተም ለምዳችሁታልና ትመላለሳላችሁ። ዳዲ ግን "ሦስት ሳምንት ይፈጃል" ይላል። ሰዉ ጨርቁን ብድግ አድርጎ ነገ ወደሚለው ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ ሹም ሱሪ ሊያሰፉ መጥተው፣ ሜትሩን ወገባቸው ላይ ጠምጥሞ "ጌታዬ፣ ከአምናው አራት ጣት ጨምረዋል" አላቸው፤ ያውም በሰው ፊት። ሚስቱ ወርቂቱ በኋላ "ምናለ ዝም ብትል?" ስትለው "ሱሪው ቢጠብባቸውስ?" አላት። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እኔ ተናኜ እባላለሁ። አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግረው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬ ነበሩ። ባለቤቴ ኃይለጊዮርጊስ ነው ነቀምቴ ያመጣኝ፤ እሱ ቀድሞኝ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ጥጥ እየፈተልኩ እኖራለሁ። ከነዳዲ ጋር አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ለሁለት ተከፍሎ በወዲህ እኔ፣ በወዲያ እነሱ አሥራ አንድ ዓመት ኖረናል። መሀላችን ያለው ግድግዳ ይባል እንጂ ጭራሮ ላይ የተመረገ ጭቃ ነው። እኔ በበኩሌ ጋዜጣ ለጥፌበታለሁ። ወርቂቱ ሽንኩርት ስትከትፍ እሰማለሁ፤ ዳዲ ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ ሲያስነጥስ እሰማለሁ። እነሱ እኔን ይሰሙኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ብቻውን የሚኖር ሰው ድምፅ ያለው አይመስለውም።

ዳዲ ያደገው ከወንጌላውያኑ ዘንድ ነው። በ፲፱፻፶፱ ኮት መቁረጥ ሊማር አዲስ አበባ አንድ ወር ቆይቶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ እንባውን እያወረደ፣ እሱም በማያውቀው ቋንቋ ይጸልያል። ሽማግሌዎቹ "ዳዲ፣ በጸጥታ ጸልይ" አሉት። እሱ ግን በጸጥታ መጸለይ አቃተው። እንደሱ ያቃታቸው እየተጠራሩ ሐሙስ ሐሙስ እሱ ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች፣ አንድ ሁለት አስተማሪ፣ ከኡኬ በእግሩ የሚመጣ ኩማ የሚባል ዓይነ ስውር። ከተማው ጴንጤ አላቸው።

መጀመሪያ ላይ ተናድጄባቸው ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። ጸሎት ነው ወይስ ልቅሶ? ቤተ ክርስቲያን ቆመን የምንጸልየው እኛ መቼ እንዲህ እንጮሃለን? አንድ ሐሙስ ግን እንዝርቴን እያሾርኩ "ያ ዋቃዮ" እያሉ በኦሮምኛ ሲለምኑ ስሜን ሰማሁ። የአዴ ተናኜን ዓይን አብራላት ነው የሚሉት፤ አዴ በእነሱ እናቴ እንደማለት ነው። ዓይኔ ከፈትሉ ብዛት ደክሞ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ወርቂቱ ክሩን በመርፌ ማሾለክ ሲያቅተኝ አይታ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሲመጣ እኔም ጆሮዬን እጥል ጀመር። ኃይለጊዮርጊስ ከሞተ ወዲህ ስሜን ጠርቶ የለመነልኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ክልከላው መጣ። ጴንጤ ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ መጸለይ አይችልም ተባለ፤ ፈቃዱም አይሰጥም። በሌላው ከተማ ሰዉ መታሰር ጀመረ። ዳዲ ግን አንድ ዘዴ አሰበ። ከራሱ ሲንጀር ሌላ ከሁለት ሰፊዎች ሁለት ሲንጀር አምጥቶ ሦስቱን በመንገዱ በኩል ደረደራቸው። ሐሙስ ሲሆን ከመሀላቸው ሦስት ተረኛ ይመደባል። ተረኞቹ ሲንጀር ይረግጣሉ፣ ሌሎቹ ይጸልያሉ። መንገደኛ የልብስ ስፌት ድምፅ ይሰማል፣ ያልፋል። ውሸት አይሆንብህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ "አዴ ተናኜ፣ የሚጠይቀኝ ካለ እውነቱን እነግራለሁ፤ ማንም ካልጠየቀኝ ግን ሲንጀሩ ሲንጀር ነው" አለኝ። መርፌው ክር የለውም፣ ከሥሩም ጨርቅ የለም። ጨርቅ የሚነክስ ሲንጀር ድምፁ ደፈን ይላል፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ይንቃቃል። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ፖሊስ ከየት ያውቃል?

ዓመት ሙሉ እንዲህ ሄደ። ፲፱፻፷፩ ኅዳር ላይ ደረስን።

ኅዳር ሚካኤል ሐሙስ ዋለ። ከተማው እንዳለ በዓል ነው። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ሱቁ ዝግ ነው፣ መጥረቢያ የሚያነሳ የለም። እኔ እንኳ እንዝርቴን ከዋዜማው ነው የማስቀምጠው። ነጭ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ። ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ሦስት ሲንጀር ይንጫጫል። እነሱ የቅዱሳን ቀን መቁጠር ከተዉ ቆይተዋል፤ ለእነሱ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ጸጥ ባለ ከተማ መሀል ድምፃቸውን ሊደብቁ ብለው ከሁሉ በላይ ይሰማሉ። ጴንጤ ካልሆነ ማን እንዲህ ያለ ስህተት ይሠራል?

እኔ ግን ያን ጊዜ ይህ ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ ሚካኤል ነው። ቤቴ ገብቼ ግድግዳውን በጡጫ ደበደብኩ። ይብሱን ረገጡት። ሰው ጸሎታችንን እየሰማ ነው ብለው ነው፤ የሲንጀሩ ድምፅ ያነሰ መስሏቸው። እኔ ደግሞ የናቁኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ወጥቼ ስሄድ አሥር አለቃ አበጋዝ የበዓል ልብሱን ለብሶ ከፊቴ መጣ። አገር ቤት ጎረቤት ነበርን፤ የኪራሙ ሰው ነው።

"አበጋዝ፣ በሚካኤል ቀን ሦስት ሲንጀር ይረገጣል፤ አንተ ዝም ትላለህ?" አልኩት። በቃ ይህንኑ ነው ያልኩት። ስለ ጸሎት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሄዶ በዓል ሻራችሁ ብሎ እንዲቆጣልኝ ነበር።

እሱም ሊቆጣ ነው የሄደው። በሩን ሲከፍተው ሦስት ክር የሌለው ሲንጀር፣ አሥራ ሰባት በጉልበቱ የተንበረከከ ሰው። ብቻውን ቢሆን አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር ይላል። ከኋላው ግን ሰው ተከትሎታል። ሰልፍ አድርገው ሲወስዷቸው በደጄ አለፉ። ወርቂቱ አየችኝና "አዴ ተናኜ፣ በሩን ይጠብቁልኝ" አለችኝ። ቁልፉን ከእጇ ተቀበልኩ።

አበጋዝ በኋላ መጥቶ "ስምሽን አላነሳሁም፤ ድምፅ ሰምቼ ገባሁ ነው ያልኩት። ግን ጎረቤት ነሽና ለምስክርነት ትጠሪያለሽ" አለኝ። ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞረም። ለዓይኔ የለመነልኝን ሰው በገዛ እጄ አስበላሁት እያልኩ ቤት ውስጥ እዞራለሁ። እንግዲህ የማወጣው እኔ ነኝ አልኩ።

ፍርድ ቤት ወንጌል ላይ እጄን ጭኜ ማልኩ። ዳኛው ምን ሰማሽ አሉኝ።

"የሲንጀር ድምፅ ጌታዬ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። ሚካኤልን።"

ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የጨመርኩት። ዳኛው ወረቀታቸውን አገላበጡ። "ፖሊስ ሲገባ ተንበርክከው ነበር ይላል።"

"አዎ ጌታዬ። መርፌ ወድቆባቸው ነው።"

"አሥራ ሰባት ሰው አንድ መርፌ ይፈልጋል?"

"የሲንጀር መርፌ ነዋ ጌታዬ፤ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።"

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ጺማቸውን ዳበስ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። ሊለቋቸው ነው፤ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ዳዲን "እንዲህ ነው ወይ?" ብለው ጠየቁት። ቆመ። ከንፈሩን ያለ ስፒል ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

"የለም ጌታዬ። መርፌ አልጠፋብንም። እየጸለይን ነበር።"

"ያለ ፈቃድ?"

"ያለ ፈቃድ።"

"ታዲያ ምስክሯ ዋሸች ማለት ነዋ?"

ዳዲ እኔን አየኝ። "አዴ ተናኜ ይወዱናል ጌታዬ። በእሳቸው አይፍረዱ" አለ።

እኔን ገሥጸው ሰደዱኝ። ሌሎቹን በማስጠንቀቂያ ለቀቁ፤ ዳዲ ቤቱን ስለሰጠ ስድስት ወር ተፈረደበት። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። ነፍሴን አቃጥዬ፣ መልአኩን በሐሰት ጠርቼ ልጎትተው ጫፍ ላይ ሳደርሰው፣ በአንድ ቃል ይመለስ? በአጠገቤ ሲያሳልፉት እጁን ያዝ አድርጌ "ምናለ ለአንዲት ቀን እንኳ እንደ ልብስ ሰፊ ብትሆን?" አልኩት።

ፈገግ አለ። ለገና የሚሰፋልኝ ቀሚስ ነበረኝ፤ ተቆርጦ ሳይሰፋ ነው የቀረው። "አዴ ተናኜ፣ ቀሚስዎ ለገና አይደርስም" አለኝ።

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ለነፍስ አባቴ ለአባ ወልደገብርኤል የሐሰቱን መሐላ ተናዘዝኩ። ጥቆማውንም ነገርኳቸው። ከሁለቱ የትኛው ይከብድሻል አሉኝ። የመጀመሪያው አልኳቸው። የአርባ ቀን ስግደት አዘዙኝ፤ ለሰዎቹ መንገሩን ግን ለአንቺ ትቼዋለሁ አሉ። መንገሩ ከስግደቱ ይከብዳል። ወርቂቱ ጠዋት ጠዋት ለባሏ ስንቅ ይዛ ስትወጣ "አከም ቡልተኒ አዴ ተናኜ" ትለኛለች። ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ "ደህና አደርሽ" ብዬ እቀራለሁ።

ሐሙሱ ጸጥ አለ። ከግድግዳው ማዶ ሲንጀር የለ፣ ጸሎት የለ። ያን ጸጥታ አልቻልኩትም። ጥር ላይ ወርቂቱ ዘንድ ገብቼ "ለምን አትሰበሰቡም?" አልኳት።

"ፈራን አዴ። ዳዲም የለ። ደግሞ የትኛው ቀን በዓል እንደሆነ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።"

ይኸን ስትለኝ ያደረስኩት ጥፋት ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሚካኤል አልተናቀም፤ የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው። የሚነግራቸው ሰው ደግሞ በአንድ ግድግዳ ማዶ ተቀምጦ እንዝርት ያሾር ነበር። ቤቴ ገብቼ ከፈተልኩት ደህናውን ክር መዘዝኩ። ወሩን አስቤ ቋጠርኩት። ተራ ቀን ትንሽ ቋጠሮ፣ በዓል ቀን በቀይ ድር የታሰረ ትልቅ ቋጠሮ። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ እያልኩ እስከ በዓለ ወልድ። ወስጄ ከዳዲ ሲንጀር በላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኩላት። "በየጠዋቱ አንድ ቋጠሮ ዝለይ። ቀይ ላይ ስትደርሺ ሲንጀር እንዳይነካ፣ ሰውም እንዳይመጣ። ሐሙሱ ቀይ ከሆነ ዓርብ ተሰብሰቡ።"

ክሩን በእጇ ይዛ ዳበሰችው። "አዴ ተናኜ፣ እርስዎ ይህን ሲያደርጉ ቄሱ አይቆጡዎትም?"

"በዓሉን አስከበርኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?" አልኳት። እውነትም ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አንድ የሚካኤል ቀን አልተሻረም። ወር በገባ ቁጥር አዲስ ክር እቋጥራለሁ፤ የሚለወጥ በዓል ሲመጣ እጨምርበታለሁ። ዓይነ ስውሩ ኩማ ከኡኬ ሲመጣ መጀመሪያ ያንን ክር በጣቱ ይዳስሳል፤ ከሁሉ ቀድሞ ያነበበው እሱ ነው። እኔ ማተቤን አልበጠስኩም፣ አንድ ቀን እንኳ ከመሀላቸው አልተቀመጥኩም። በሲንጀሩ ድምፅ መሀል ግን አንዳንዴ ስሜን እለያለሁ። ዓይኔን እየለመኑልኝ ነው ብዬ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያደረግኩት ትዝ ይለኝና አፍራለሁ።

ዳዲ ግንቦት ላይ ተፈታ። ገርጥቷል፣ ከስቷል። በማግስቱ ጠዋት ሰው ላከብኝ፤ ቀሚሴን ሊጨርስ ነው። ስገባ ስፒሉ በከንፈሩ፣ ሜትሩ በአንገቱ፣ ክሩ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። ወርቂቱ የጨርቅ ጠርዝ በእጇ ትዘመዝማለች። ዳዲ ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞረና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየው።

"አዴ ተናኜ፣ አራት ጣት ቀንሰዋል" አለኝ። "ምን ሆኑ?"

ሌላ ሰው ቢሆን ጤናዬ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ለሱ መዋሸት አንድ ጊዜ ሞክሬው አልሆነልኝም። "እኔ ነኝ ያስያዝኩህ" አልኩት። "ለአበጋዝ የነገርኩት እኔ ነኝ። ስለ ሲንጀሩ ብቻ ነበር። ግን እኔ ነኝ።" ከደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ዳዲ ስፒሎቹን አንድ ባንድ ከአፉ አውጥቶ የስፒል መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካቸው። "እናውቃለን" አለኝ።

ወርቂቱን አየኋት። እጇን ከጨርቁ አላነሳችም። "ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ሲሰግዱ እሰማዎት ነበር" አለችኝ። "እያለቀሱ ለሚካኤል ሲነግሩት። ያን ዕለት ስንቅ ሳደርስ ለዳዲ ነገርኩት።"

"እና አምስት ወር ሙሉ ደህና አደሩ ስትይኝ ኖርሽ?"

"ምን ልበል ታዲያ?"

"ደግሞ ለዓይኔ ትለምኑልኝ ነበር" አልኳቸው፤ ይህን ስል እንባዬ መጣ። "ስሜን ስትጠሩ እሰማ ነበር።"

"ለዓይንዎ አልነበረም አዴ" አለኝ ዳዲ። "እሱን ትተነው ነበር። ይህን ነገር በገዛ አፍዎ አውጥተው እስኪገላገሉት ነበር የምንለምነው። ከእስር ቤት ሆኜ የላክሁባቸው እኔ ነኝ።"

ሜትሩን አንስቶ እንደገና ለካኝ፤ ቀሚሱን በአራት ጣት አጠበበው። እኔ ተነስቼ ቆሜለት፣ ከማዶው ቤቴ ያለበትን ግድግዳ አየሁ። በዚያ ጭቃ ላይ በየቀኑ ጆሮዬን ስጥል ከርሜ፣ ግድግዳው በእኔ በኩል ብቻ ቀጭን መስሎኝ ኖሯል።